ፓርቲሽን ውስጥ መዋል፦ ሳንሸከም የሚያደክመን ምንድን ነው?

ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ "ሞቼአለሁ ዛሬ" ሲል ሰሚው ግራ ይገባዋል። "ምን ሠርተህ ነው?" ቢሉት መልሱ አያጠግብም። ኤክሴል ላይ ቁጥር አስገብቷል። ቫውቸር አመሳክሯል። ባለጉዳይ ሲመጣ "ሲስተም የለም፣ ትንሽ ቆይተው ይመለሱ" ብሏል። በቃ። ጉልበት የጠየቀ ነገር የለም። ድካሙ ግን የእውነት ነው። ስንፍናም ቅብጠትም አይደለም።

ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ ለገሃር ባሉት ፎቆች ውስጥ የሚውል ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ እዚያ አካባቢ ተጠጋግቶ ቆሟል። ፎቆቹ ከውጭ ሲታዩ መስታወት በመስታወት ናቸው። ውስጥ ለሚውለው ብዙ ሰው ግን መስኮቱ ሩቅ ነው። ቅርብ ያለው ደረት ላይ የሚደርስ ፓርቲሽን፣ አንድ ስክሪንና የጎረቤቱ የስልክ ወሬ ነው።

እኔ በዚህ ጉዳይ አቋም አለኝ። ፓርቲሽኑን የሚያከብደው ጥበቱ አይደለም። የሥራው መደጋገምም ብቻውን አይደለም። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ተመልከቱት። የተቀመጠበት ጉድጓድ ከማንም ፓርቲሽን ይጠብባል፤ እጁም እግሩም ሲደጋግም ይውላል። ነገር ግን መቼ እንደሚያርፍ ራሱ ይወስናል። ጥለቱን ራሱ ያወጣል። ሲጨርስም ያለቀ ጋቢ አጥፎ ያስቀምጣል። ቢሮ ውስጥ የሚጎድሉን እነዚህ ናቸው፦ በገዛ ቀናችን ላይ መወሰን፣ የጨረስነውንም ነገር በዓይናችን ማየት።

ነፃ ያወጣል የተባለው ዕቃ

የሚያስቀው ነገር ፓርቲሽን የተፈጠረው የቢሮ ሠራተኛን ነፃ ለማውጣት ነበር። ሮበርት ፕሮፕስት የሚባል አሜሪካዊ ኸርማን ሚለር ለተባለው የቢሮ ዕቃ አምራች ይሠራ ነበር። በዘመኑ የአሜሪካ ቢሮ ጠረጴዛ በሰልፍ የተደረደረበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1964 "አክሽን ኦፊስ" የሚል አዲስ የቢሮ ዕቃ አወጣ፤ ውድ ስለነበር ብዙም አልተሸጠም። በ1968 ሁለተኛው መጣ። ይኼኛው የሚነቃቀሉ ግድግዳዎች ነበሩት። ሐሳቡ ሠራተኛው ግድግዳውን እንደ ሥራው ጠባይ ሰፋ ወይም ጠበብ እንዲያደርገው፣ ሲፈልግ ቆሞ፣ ሲፈልግ ተቀምጦ እንዲሠራ ነበር። ግድግዳዎቹ በ120 ዲግሪ ገርበብ ብለው እንዲቆሙ ታስቦ ነበር።

ኩባንያዎች ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። በ90 ዲግሪ ካቆሙት ሳጥን ይሆናል። ሳጥን ከሆነ ደግሞ በአንድ ፎቅ ላይ ብዙ ሰው ይጠቀጠቃል። ሳጥኑም በየጊዜው እየጠበበ ሄደ። ፕሮፕስት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመሞቱ በፊት በራሱ ሐሳብ ላይ የደረሰውን ሲያማርር ነበር። ዕቃው ያው ዕቃ ነው። የተቀየረው ግድግዳውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ማንነት ነው።

ወደ እኛ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ክፍት ቢሮ በብዛት የገባው በቢፒአር (የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከሥሩ የመለወጥ ፕሮግራም) ዘመን ነው። ያን ጊዜ የነበረ ሠራተኛ ግድግዳ ሲፈርስ ያስታውሳል። በር ዘግቶ ይሠራ የነበረው ሁሉ ወደ አንድ አዳራሽ ወጣ። ለባለጉዳዩ ጥሩ ነበር። በየበሩ እያንኳኳ "እሳቸው ስብሰባ ናቸው" ከመባል የተሻለ ነው። ለሠራተኛው ግን በሩም አብሮ ሄደ።

ክፍት ቢሮ ሰውን ያቀራርባል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን በርንስታይንና ስቴፈን ተርባን የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎችን ሠራተኞች በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ፊት ለፊት መነጋገር 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት ጨመረ። አጠገብህ ለተቀመጠ ሰው በቴሌግራም "ስቴፕለር አለህ?" ብለህ ጽፈህ የምታውቅ ከሆነ ይገባሃል። ሁሉም የሚሰማህ ከሆነ መናገር ትተዋለህ።

ጭንቅላት ለምን ይዝላል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የራዳር ሠራተኞች አንድ ችግር ነበረባቸው። ለረጅም ሰዓት ስክሪን ላይ አፍጥጠው ሲቆዩ የጠላትን ምልክት ያልፉት ነበር። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ለማጥናት አንድ ሰዓት መሰል ነገር ሠራ። ቀስቱ ዘለል ዘለል እያለ ይዞራል፤ አልፎ አልፎ እጥፍ ይዘላል። ሥራው እጥፍ የዘለለበትን መያዝ ብቻ ነው። ለሁለት ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፦ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ሰዎቹ መሳት ያበዛሉ። ያውም ዓይናቸው አልተከደነም፤ አፍጥጠው እያዩ ነው የሚስቱት።

ቼክ የሚያጣራ፣ ቫውቸር የሚያመሳክር፣ ቅጽ ላይ ያለ ስም ከመታወቂያ ጋር የሚያስተያይ ሰው ሥራው ይሄው ነው። አለቃ "ትኩረት ይጎድልሃል" ይለዋል። ትኩረቱ የተሠራው ግን ለዚህ አይደለም። በተመሳሳይ ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ መንቃት ያለ ምንም እንቅስቃሴ ጉልበት የሚበላ ሥራ ነው፤ ማታ "ሞቼአለሁ" የሚያሰኘውም እሱ ነው።

መሰልቸት ራሱ ምን ያህል እንደሚያም የሚያሳይ ሌላ ሙከራ አለ። ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያስፈራል። ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰዎችን ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ብቻቸውን አስቀመጧቸው። ስልክ የለ፣ መጽሐፍ የለ። ያለው አንድ ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ነዝሯቸው አይተውታል፤ እንዳይደገምባቸው ገንዘብ እንደሚከፍሉ ሳይቀር ተናግረዋል። ሆኖም ከ18ቱ ወንዶች 12ቱ፣ ከ24ቱ ሴቶች 6ቱ ቁልፉን ተጫኑት። ዝም ብሎ ከመቀመጥ መነዘርን መረጡ። በየአምስት ደቂቃው ስልኩን ከመሳቢያ የሚያወጣውን ሰው ከመፍረድ በፊት ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው።

ያልተነካው ቁልፍ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ስለ ሌላ ቁልፍ የተሠራው ሙከራ ነው። ዴቪድ ግላስና ጄሮም ሲንገር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስገብተው በሚያውክ ድምፅ አስጮሁባቸው። ለግማሾቹ "ካልቻላችሁ ይህን ቁልፍ ተጫኑ፣ ይቆማል፤ ባትጫኑት ግን እንመርጣለን" አሏቸው። ለቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ቁልፍ የተሰጣቸው ሰዎች በአብዛኛው አልተጫኑትም። ሁለቱም ወገን ያንኑ ጩኸት በእኩል ሰማ። ከዚያ በኋላ የእርማት ሥራና እንቆቅልሽ ሲሰጣቸው ግን ቁልፍ የነበራቸው ትንሽ ተሳሳቱ፣ ቶሎም ተስፋ አልቆረጡም።

እንግዲህ ሰውን ያደከመው ጩኸቱ ብቻ አይደለም። ማስቆም አለመቻሉ ነው።

ይህ በላቦራቶሪ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በለንደን "ዋይትሆል" በሚባለው ጥናት ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከ10,000 በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ሁሉም የቢሮ ሰዎች ናቸው። በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል ያልነበራቸው ከነበራቸው ይልቅ ለልብ ሕመም ተጋልጠው ተገኙ። እኛ አገር "አለቃ ብዙ ጭንቀት አለበት" ይባላል። አለበት። ግን መቼ እንደሚጨነቅ የሚወስነው በአብዛኛው ራሱ ነው።

የጎረቤት ስልክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሎረን ኤምበርሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት አንድ ነገር አሳይቷል፦ የሁለት ሰዎችን ሙሉ ንግግር ከመስማት ይልቅ የአንዱን ወገን ብቻ መስማት ትኩረትን የበለጠ ይሰርቃል። "እ... አይደለም... ማን አለሽ?... ውይ!" ሲባል ጭንቅላታችን ሳንፈልግ የቀረውን ግማሽ ይሞላል። ወሬኛ ስለሆንን አይደለም።

እና ምን ይደረግ?

ጉዳዩ መወሰን ከሆነ መፍትሔውም ከትናንሽ ውሳኔዎች ይጀምራል። ጠረጴዛ ላይ አበባ ማስቀመጥን አልቃወምም። ግን ፕላስቲክ አበባ ይዞ የከረመ ብዙ ፓርቲሽን አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ያው እንደተሰላቸ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ሥራውን መምረጥ ባይቻል እንኳ የትኛው ይቅደም የሚለው ብዙ ጊዜ በእጃችን ነው። አርባ ፋይል ከፍቶ ሁሉንም ግማሽ ከማድረስ አሥሩን ከጥግ እስከ ጥግ ጨርሶ ወደ ጎን ማድረግ ይሻላል። ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራን ትርጉም ያለው የሚያደርጉ አምስት ነገሮችን ሲዘረዝሩ አንዱ ይሄ ነበር፤ አንድን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሥራት። የጨረሳችሁትን ማስታወሻ ደብተር ላይ መስመር አስምሩበት። ኮምፒውተር ውስጥ ያለቀ ሥራ አይታይም፤ ወረቀት ላይ ያለው ይታያል።

ሁለተኛው ማቀያየር ነው። ማመሳከር የሚጠይቀውን ሥራ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ወደ ስልክ መደወል ወይም ወደ ፋይል ማድረስ መቀየር፣ ከዚያ መመለስ። ዓይንንም ማሳረፍ ነው፦ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወደ ራቀ ነገር መመልከት። ከፍ ካለ ፎቅ በስተሰሜን እንጦጦ ይታያል፤ ከዚህ የተሻለ ሩቅ ነገር የት ይገኛል?

ስልክን እንደ እረፍት አልቆጥረውም። ከስክሪን ወደ ስክሪን መሄድ ነው፤ በዚያ ላይ የሚቀጥለውን የሚመርጠው ስልኩ ነው። ሕንፃው ሥር ወዳለችው ጀበና ቡና መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከወንበር መነሳት አለ፣ ደረጃ አለ፣ ሰው አለ፣ አየር አለ። ኃላፊዎች ይህን "ሥራ መፍታት" ይሉታል። እኔ ደግሞ ጠዋት ላይ የምትጠጣ አንዲት ስኒ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ስህተት ትቀንሳለች ባይ ነኝ። ካፌይን ግን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ግማሹ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከእናንተ ጋር ነው። ሌሊቱን ተገላብጦ ያደረ ሰው ደግሞ በማግስቱ ፓርቲሽኑ ይበልጥ ይጠብበዋል።

አየሩንም አትርሱት። ከምሳ በኋላ የሚመጣውን እንቅልፍ ሁሉ በሽሮ ማሳበብ ልማድ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ መፍዘዝ በተፈጥሮም አለ። ነገር ግን የመንገዱን ጩኸትና አቧራ ፈርተን መስኮት እንዘጋለን። የውጭ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው። ሰው በሞላበት ዝግ ክፍል ውስጥ በቀላሉ ከ1,000 ያልፋል። ስብሰባ ላይ የሚያዛጋው ሁሉ በአጀንዳው ብቻ አይደለም። በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ መስኮት መክፈት ቀላሉ መድኃኒት ነው። "ብርድ ገባ" የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሱን ማግባባት የእናንተ ፈንታ ነው።

ብርሃንም እንዲሁ። ቢሮ ውስጥ ያለው መብራት ብዙውን ጊዜ ከ500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይበልጥም። ውጭ በደመና ቀን እንኳ በሺዎች ይቆጠራል። ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን የሚለየው በዚህ ነው። የምሳ ሰዓቱን ሙሉ ምሳ ዕቃ ላይ ከመጨረስ ግማሹን በእግር መሄድ ይሻላል። ከሰንጋ ተራ ወጥቶ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ዞሮ መመለስ በምሳ ሰዓት የሚያልቅ መንገድ ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ታድላለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ በፊት አትጠልቅም። 11፡30 ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ብርሃን ይደርስበታል። በሰሜን አውሮፓ ክረምት በጨለማ ገብቶ በጨለማ የሚወጣ የቢሮ ሰው ይህን ቢያገኝ ምን ባለ! ከመጀመሪያው ታክሲ ሰልፍ አልፎ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግር መሄድ ያደክማል የሚል ካለ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በአምስት የሥራ ቀን ቢካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ይደርሳል።

የጎረቤትን ስልክ በተመለከተ ዝም ብሎ መናደድ አይሠራም። በቁጣም አይሆንም። ቡና ላይ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ "ወንድሜ፣ ድምፅህ እኔ ጋ ይደርሳል፤ ረዘም ያለ ወሬ ሲሆን ኮሪደር ወጣ ብትል ምን ይመስልሃል?" ቢባል ብዙው ሰው ይደነግጣል እንጂ አይቀየምም። በዕድሜ የሚበልጡ ከሆኑ ደግሞ ቃሉን ማለሳለስ ነው፤ "ጋሼ፣ ቁጥር ስደምር ወሬዎ ይጥመኝና ይጠፋብኛል" ቢሏቸው ስቀው ይነሳሉ።

ሥራውን ራሱን መነካካት

ኤሚ ሬዝነስኪና ጄን ደተን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ምሳሌ ያነሳሉ። የሥራ ዝርዝራቸው አንድ ነው። አንዳንዶቹ ግን ታማሚ ያጫውታሉ፣ ጠያቂ ይመራሉ፣ ራሳቸውን የሕክምናው አካል አድርገው ያያሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሥራቸውን በጫፍ በጫፉ ራሳቸው ቀርጸውታል።

ቢሮ ውስጥ ይህ ምን ይመስላል? ባለጉዳይ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቃችሁ ከሆነ የሚያስፈልገውን ማስረጃ በአንድ ገጽ ጽፎ መስኮቱ ላይ መለጠፍ። ሁልጊዜ የምትሠሩትን ሪፖርት ኤክሴል ራሱ እንዲደምረው ማድረግ። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ሐሳብም መነሻው ይኸው ነው፤ ሥራውን የሚያሻሽለው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው። እኛ ጋ ብዙ ቦታ የቀረው ቁምሳጥን ላይ የተለጠፈ ምልክት መሆኑ ያሳዝናል።

ከዚህ በላይ ያለው ወደ ኃላፊ መሄድ ይጠይቃል። "ሰለቸኝ" ብሎ መግባት አይመከርም፤ "ሁላችንም ሰልችቶናል" ትባላላችሁ። "ጠዋት ጠዋት ማመሳከሩን ልሥራ፣ ከሰዓት ባለጉዳይ ላስተናግድ። ለሁለት ሳምንት ይሞከርና ስህተቱ ካልቀነሰ ይተዉት" ማለት ይቻላል። ሙከራ ሲባል ለመፍቀድ ይቀላል። ኃላፊ የሆነ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ ደግሞ፦ ሠራተኛን በየጥቂት ወሩ ጠረጴዛ ማቀያየር በጀት አይጠይቅም። በአሻራ መግቢያና መውጫ ሰዓቱን ከያዛችሁት በመካከል ያለውን ለእሱ ብትተዉለት ምንም አይጎድልባችሁም።

አንድ ነገር ግን ከመሰልቸት ይለያል። ድብርቱ ቅዳሜና እሁድም ካልለቀቀ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታውን ካጣ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ ጉዳዩ ፓርቲሽኑ ላይሆን ይችላል። ድባቴ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። መሄድ አያሳፍርም።

የዓመት ፈቃድንም ብዙዎች ያለ ዕቅድ ያባክኑታል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ያገኛል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ አዋጅ ነው የሚተዳደረው። ብዙ ሰው ፈቃዱን ለገዛ ሠርጉ ወይም ለቅርብ ዘመድ ለቅሶ ያውለዋል፤ ለእነዚህ ግን በአዋጁ ለብቻው ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱን ሳይነኩ በዚያ መጠቀም ይቻላል። ፈቃዱን አንድ ጊዜ ጠራርጎ ከመውሰድ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ሥራ ከሚበዛበት የበጀት መዝጊያ በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ቀኑንም ባልደረቦች ሳይቀድሟችሁ በጊዜ ለሰው ኃይል ክፍል ማስመዝገብ ነው።